የቴዎዶር ቦቬሪ አጭር የሕይወት ታሪክ

በዚህ ዓመት በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ አስተማሪያችን የሽንኩርት ሥር ጫፍ በማይክሮስኮፕ አሳዩን። ለሁለት በመከፈል ላይ በነበረ አንድ ሕዋስ ውስጥ፥ በቀለም የደመቁ ቀጫጭን ክሮች መካከሉ ላይ ተሰልፈው አየን። በአጠገቡ ባለው ሕዋስ ደግሞ ክሮቹ እኩል ተካፍለው ግማሾቹ ወደ አንዱ፥ ግማሾቹም ወደ ሌላው ጫፍ አምርተው ነበር። ከመካከላችን አንዱ፥ ይህ አከፋፈል የተሳሳተ እንደ ሆነ ምን ይደርሳል ብሎ ጠየቀ። አስተማሪያችንም ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት ዕድሜውን ሙሉ የመረመረ ሰው እንደ ነበረ ነገሩን። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን በዓል በሚታተመው በዚህ መጽሔት የዚያን ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቴዎዶር ቦቬሪ ኦክቶበር 12 ቀን 1862 ዓ.ም. በጀርመን አገር በባምበርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር። ቴዎዶር በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የታሪክና የፍልስፍና ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ዞረና በ1885 የዶክቶርነት ማዕርግ ተቀበለ። ሥዕልና ሙዚቃም ይወድ ነበር።

የመጀመሪያው ታላቅ ምርምሩ የተደረገው በፈረስ ወስፋት ላይ ነው። ይህ ትል በየሕዋሱ ያሉት ክሮች፥ ማለት ክሮሞሶሞቹ፥ ሁለት ወይም አራት ብቻ ስለ ሆኑ ለመቍጠር አያስቸግርም። ቦቬሪ የእንቁላሉን አከፋፈል እየተከታተለ፥ ክሮሞሶሞች ሕዋሱ ሲያርፍ ከዓይን ቢሰወሩም እንደማይጠፉና በሚቀጥለው ክፍያ ያው እነርሱ ተመልሰው እንደሚታዩ አስረዳ። አከፋፈሉን የሚመራውንም ትንሽ አካል በ1888 ሴንትሮሶም ብሎ ሰየመው። በ1893 በዉርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት ፕሮፌሶር ሆኖ ተሾመ፤ እስኪሞትም ድረስ ከዚያ አልተለየም።

ከሁሉ የሚደነቀው ሥራው ግን በኢጣልያ አገር በናፖሊ ከተማ በባሕር እንስሳት ምርምር ጣቢያ ያደረገው ነው። እዚያ የመረመረው የባሕር ጃርትን፥ ማለት አካሉ በእሾህ የተከበበውን ትንሽ የባሕር እንስሳ ነበር። በደኅናው ጊዜ እንቁላሉ ከእናት 18፥ ከአባት 18፥ በድምሩ 36 ክሮሞሶም ይኖረዋል። ቦቬሪ ግን ሁለት የወንዴ ዘር ባንድ ጊዜ ወደ አንድ እንቁላል እንዲገቡ አደረገ። ያን ጊዜ ክሮሞሶሞቹ 54 ይሆናሉ፤ እንቁላሉም ለሁለት መከፈሉ ቀርቶ ባንድ ጊዜ ለአራት ይከፈላል። ለአራት ወገን ሲሆን አከፋፈሉ እንደ ዕጣ ነው፤ ለአንዱ ሕዋስ ይበዛለታል፥ ለሌላው ይጐድልበታል። እንዲህ ካሉት እንቁላሎች እጅግ ጥቂቶቹ ብቻ ሲያድጉ፥ የቀሩት ተበላሽተው ሞቱ። አራቱን ሕዋሶች ለያይቶ ባሳደጋቸው ጊዜም አንዱ ከሌላው በተለየ መንገድ ይበላሽ ነበር። ከዚህም የተነሣ በ1902 እያንዳንዱ ክሮሞሶም የየራሱ ሥራ እንዳለውና ለጤና የሚያስፈልገው ቍጥሩ ብቻ ሳይሆን ሙሉው ስብስብ መሆኑን ገለጠ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ከድሮቹ አንዱ ሲጐድል ማሰሪያው ይላላል ማለት ነው። በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ወጣት ዋልተር ሳተን የአንበጣን ሕዋስ መርምሮ ወደዚሁ አሳብ ስለ ደረሰ፥ የዘር ውርስ በክሮሞሶም ይተላለፋል የሚለው ትምህርት በሁለቱ ስም ይጠራል።

በ1897 አሜሪካዊቷን የባዮሎጂ መምህርት ማርሴላ ኦግሬዲን አገባ፤ እርሷም በምርምሩ ትረዳው ነበር። ነገር ግን ቦቬሪ ከ1890 ጀምሮ ጤና አልነበረውም። በበርሊን የሚቋቋመውን ታላቅ የባዮሎጂ ተቋም እንዲመራ ተጠይቆ፥ ሕመሙ ስለ ጠናበት ሳይቀበለው ቀረ።

በ1914 ስለ ክፉ ዕጢዎች አመጣጥ የሚናገር ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህም ነቀርሳ የሚነሣው ክሮሞሶሞቹ ከተዛቡበት ከአንድ ሕዋስ ነው አለ። ክፍያን የሚገቱ ክሮሞሶሞች ሲጐድሉ ሕዋሱ ልጓም እንደሌለው ፈረስ ያለ ልክ ይባዛል ብሎም ገመተ። እርሱ የነቀርሳ ሐኪም አልነበረም፤ ማስረጃውንም ያመጣው ከባሕር ጃርት እንጂ ከታመመ ሰው አይደለም። አሳቡን ቀደም ብሎ በ1902 በጠቆመ ጊዜ የሚቀበለው አላገኘም ነበር። ቢሆንም ግምቱን ግምት ነው ብሎ፥ ሌሎች እንዲመረምሩት ጽፎ ተወው። በሚቀጥለው ዓመት ኦክቶበር 15 ቀን 1915፥ ሃምሳ ሦስት ዓመት በሞላው በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። ባለቤቱም መጽሐፉን ወደ እንግሊዝኛ መልሳ በ1929 አሳተመችው።

ማስረጃው የመጣው ሰውዬው ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1960 በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ በአንድ ዐይነት የደም ነቀርሳ ሕዋስ ውስጥ ያጠረ ክሮሞሶም አገኙ። በ1973 ጃኔት ራውሊ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቍራጭ ተለዋውጠው መሆኑን አሳየች። በዚህ ዕውቀት ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ኢማቲኒብ የተባለ መድኃኒት በ2001 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ቀድሞ በጥቂት ዓመታት ይሞቱ የነበሩ ብዙ ሕመምተኞችም ዛሬ በሕይወት ይኖራሉ። ደግሞ የተሰበረውን ዲ ኤን ኤ በማደስ ሥራ የሚያገለግለው ብራካ አንድ የተባለው ጂን ተበላሽቶ የተወረሰ እንደ ሆነ፥ በጡትና በእንቁላል ዕጢ ነቀርሳ የመያዝ ዕድል እንደሚበዛ ታውቋል። የዘር መዝገቡ ጽኑነት ማጣት የብዙ ነቀርሳዎች ጠባይ መሆኑን ዛሬ ሊቃውንቱ ይስማሙበታል።

እርግጥ ነው፥ ቦቬሪ ሁሉን አላወቀም። በማይክሮስኮፕ የማይታይ እጅግ ጥቃቅን የዲ ኤን ኤ ለውጥም ነቀርሳን ለማስነሣት እንደሚረዳ እርሱ ካለፈ በኋላ ነው የታወቀው። የክሮሞሶም መዛባት የበሽታው መነሻ የሚሆነው የት ላይ እንደ ሆነ፥ ውጤቱስ የት ላይ እንደ ሆነ ዛሬም ይመረመራል።

እኛም ይህን ታሪክ ስናዘጋጅ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው፥ አንድ ሕመምተኛ ሰው ፍሬውን እንደማያይ እያወቀ መዝራቱ ነው። ያ ጓደኛችን የጠየቀው ጥያቄም ገና አላለቀም፤ ከእኛ መካከል የሚቀጥለው ሰው ይገኝ ይሆናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።