ዶክተር ዋይልደር ፔንፊልድ፤ የአንጎልን ካርታ የነደፉ ሐኪም

የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ዋይልደር ፔንፊልድ በ1891 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ በስፖኬን ከተማ ተወለዱ። ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ከተመረቁ በኋላ በኦክስፎርድ ከታላቁ የነርቭ ተመራማሪ ከቻርልስ ሸሪንግተን ተማሩ። በ1918 ከጆንስ ሆፕኪንስ በሕክምና ተመርቀው፣ በ1928 ወደ ካናዳ፣ ወደ ሞንትሪያል ከተማ ተዛወሩ።

በዚያው ዓመት ብርቱ ፈተና ገጠማቸው። እኅታቸው ሩት በአንጎሏ ውስጥ ዕጢ ስለተገኘባት ቀዶ ሕክምናውን ራሳቸው አደረጉላት። ዕጢውን ግን ጨርሶ ማውጣት አልተቻለምና ሕመሙ ተመልሶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፈች። ይህ ሐዘን ሐኪምና ተመራማሪ በአንድነት የሚሠሩበት ተቋም ለማቋቋም የነበራቸውን ሐሳብ አጸናው። በሮክፌለር ፋውንዴሽን ርዳታ የሞንትሪያል የነርቭ ሕክምና ተቋም በ1934 ተከፈተ።

አንጎል ራሱ ሕመም ስለማይሰማው፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው የራስ ቆዳ ብቻ አደንዝዘው፣ ነቅቶ እየተነጋገረ በኤሌክትሮድ የአንጎሉን ገጽ ይነኩ ነበር። ዓላማቸው የታመመውን ክፍል ሲቆርጡ ንግግርንና እንቅስቃሴን የሚያዘው ክፍል እንዳይጎዳ ነው። በ1937 ከኤድዊን ቦልድሬ ጋር ከ163 ሕመምተኞች ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። በካርታው ላይ እጅና ፊት ሰፊ ስፍራ ሲይዙ፣ ግንደ አካል ጠባብ ስፍራ ይዞ ታየ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰባቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። ኤሌክትሪኩ እጅን ሲያንቀሳቅስ፣ ሕመምተኛው እጁን ያነሣው እርሱ ሳይሆን ሐኪሙ መሆኑን ይናገር ነበር። ፈቃድን የሚቀሰቅስ ስፍራ ፈልገው አላገኙም፤ ይህንንም በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ ገልጸው በ1976 ዐረፉ።

ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ በፈረንሳይ፣ በግሬኖብል ከተማ አሊም ሉዊ ቤናቢድና ባልደረቦቻቸው በአንጎል ጥልቀት ውስጥ በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ የሚመታ ኤሌክትሪክ የእጅን መንቀጥቀጥ እንደሚያስታግሥ ተገነዘቡ። በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች እንዳሳዩት፣ በፓርኪንሰን ሕመምተኞች አንጎል ውስጥ በሴኮንድ ከ13 እስከ 30 ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ ከመጠን በላይ ይበረታል። በጤናማ ሰው ይህ ሞገድ ከእንቅስቃሴ በፊት ይረግባል፤ በሕመምተኛው ግን እንደሚገባው አይረግብም። ኤሌክትሪኩ ሞገዱን ሲያዳክመው እንቅስቃሴ ይቀላል።

የፔንፊልድ ኤሌክትሮድ እጅን ራሱ ያንቀሳቅስ ነበር፤ የዛሬው ግን መሰናክሉን ያነሣል እንጂ እጅን አያዝም። እጁን የሚያነሣው ሕመምተኛው ራሱ ነው።