አፈር አያልቅም ያለውን መሥሪያ ቤታቸውን የሞገቱት ባለሙያ

እ.ኤ.አ. በ1905 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ሉዊዛ በተባለች አውራጃ፣ ሁለት ወጣት የአፈር ጥናት ባለሙያዎች አንድ ተዳፋት ላይ ቆመው ነበር። የመጡት የአውራጃዋ ማሳዎች ምርት ከዓመት ዓመት እያሽቆለቆለ የሄደበትን ምክንያት አጣርተው እንዲያቀርቡ ታዘው ነው። በአንድ በኩል ደን ያልተለየው መሬት አለ። አፈሩ ልም ያለ፣ በእጅ የሚዛቅ፣ በደረቅ ወቅት እንኳ እርጥበት የሚይዝ ነው። ከጎኑ ለረጅም ዘመን ሲታረስ የኖረ ማሳ ተዘርግቷል፤ እሱ ደግሞ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ሸክላ ሆኗል። ተዳፋቱ ግን አንድ ነው። ከሥር ያለው ዓለትም አንድ ነው።

ከሁለቱ ወጣቶች አንዱ ሂዩ ሃሞንድ ቤኔት ነበሩ። ሁለቱ መሬቶች በአንድ ወቅት አንድ ዓይነት አፈር እንደነበራቸው፣ የታረሰው ላዩን የተገፈፈው ደግሞ ዝናብ በየዓመቱ እንደ ስስ ሽፋን እያጠበ ስለወሰደው መሆኑን የተረዱት እዚያ ቆመው ነው። ቦረቦር ለማንም ይታያል፤ ከብት ይሰብራል፣ መንገድ ይቆርጣል። እንዲህ ከማሳው ሁሉ እኩል እየተገፈፈ የሚሄደው አፈር ግን አይታይም። ጎርፉ ያወጣውን ጭረት የሚቀጥለው እርሻ ይደፍነዋል፤ ገበሬውም የሚያውቀው ልጁ በቀደመው ማሳ ላይ ከአባቱ ያነሰ ሲያፍስ ነው። ቤኔት ቀሪ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ለማይታየው ጉዳት ነው።

ቤኔት የተወለዱት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1881 በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ አንሰን አውራጃ፣ ዋድስቦሮ ከተባለች ከተማ አጠገብ ነው። ቤተሰባቸው ወደ 500 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ያለው ሲሆን ዋናው ሰብል ጥጥ ነበር። አካባቢው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት በባሪያ ጉልበት ሲታረስ የኖረ፣ ጥጥ በጥጥ ላይ እየተደጋገመ አፈሩ የተሟጠጠ ቀይ መሬት ነው። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር የእርከን መስመር እየቀየሱ አድገዋል። ዩኒቨርሲቲ ገብተው ገንዘብ ሲያጥራቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው በመድኃኒት መደብር ሠርተዋል፤ ተመልሰውም እ.ኤ.አ. በ1903 ተመረቁ። በዚያው ዓመት በፌዴራሉ ግብርና ሚኒስቴር የአፈር ቢሮ ተቀጠሩ።

ችግሩ የቀጠራቸው ቢሮ ራሱ ነበር። የአፈር ቢሮው እ.ኤ.አ. በ1909 ባወጣው ጽሑፍ አፈር የማይጠፋና የማይለወጥ፣ ተጠቅመውበትም የማያልቅ ብቸኛው የሀገር ሀብት መሆኑን አስታወቀ። ይህ እንግዲህ ከመንግሥት ማኅተም ጋር የወጣ አቋም ነው። ቤኔት ከዚያ በኋላ ሲናገሩ ያን ያህል የተሳሳተ ነገር በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሊታጨቅ መቻሉ ይገርማቸው ነበር። ሥራቸውን ግን አልለቀቁም። በደቡባዊ ግዛቶች፣ በአላስካ፣ በመካከለኛው አሜሪካና በኩባ አፈር እየቆፈሩ፣ የታጠበውንና ያልታጠበውን እያነጻጸሩ፣ ለጋዜጣም ለሳይንስ መጽሔትም እየጻፉ ሃያ ዓመታት አለፉ። የሰማቸው ጥቂት ነው።

ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። በዚያ ዓመት ከአንድ የግጦሽ ባለሙያ ጋር ሆነው የአፈር መሸርሸር ሀገር አቀፍ አደጋ መሆኑን የሚያስረዳ ጽሑፍ በሚኒስቴሩ ስም አሳተሙ። ጄምስ ቡካናን የተባሉ የቴክሳስ የሕዝብ ተወካይም ጉዳዩን ይዘው በበጀት ሕጉ ውስጥ 160 ሺህ ዶላር ለጥናት እንዲያዝ አደረጉ። በገንዘቡ በተለያዩ ግዛቶች የሙከራ ጣቢያዎች ተከፈቱ። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ ተዳፋት መሬት ላይ እኩል ስፋት ያላቸው መደቦች ይከለላሉ፤ አንዱ በቆሎ፣ አንዱ ሣር፣ አንዱ እየተፈራረቀ የሚዘራ ሰብል ይበቅልበታል፤ ከግርጌ በተተከለ ገንዳ ዝናቡ ያወረደው ውኃና ደለል ይለካል። እስከዚያ በዓይን ግምት የነበረው ክርክር በኪሎ የሚመዘን ሆነ።

የእነዚያ መደቦች ልኬት ከአሜሪካ ውጪም ደርሷል። በየጣቢያው የተሰበሰበው መረጃ ከጊዜ በኋላ የአፈር ብክነትን ለማስላት በዓለም ዙሪያ የሚሠራበትን ቀመር አስገኘ። ይኸው ቀመር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለኢትዮጵያ ሁኔታ ተስተካክሎ የቀረበ ሲሆን፣ በዚያው ዘመን በወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ የምርምር ጣቢያዎች ተመሳሳይ መደቦች ተከልለው ክረምት ከክረምት የታጠበው አፈር ሲለካ ቆይቷል።

ወደ ቤኔት ስንመለስ፣ ከጥናቱ ቀድሞ የደረሰው አደጋው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የስንዴ ዋጋ ሲወደድ የመካከለኛው አሜሪካ ገበሬ ትራክተር ገዝቶ፣ ለዘመናት ሣር ለብሶ የኖረውን ሜዳ ገለበጠው። ዋጋው ወደቀ፤ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ ደግሞ ድርቅ ገባ። ሥር የሚይዘው ያጣው አፈር በነፋስ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1934 የተነሣው አቧራ ቺካጎንና ኒው ዮርክን አልፎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ባሉ መርከቦች ላይ አርፏል።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1933 አምስት ሚሊዮን ዶላር ለአፈር ጥበቃ መድቦ ነበር፤ ሐሳቡም ገንዘቡን በሙሉ ለእርከን ሥራ ማዋል ነው። ቤኔት ይህን ሲሰሙ ተቃወሙ። የእርከን ልጅ ሆነው እርከንን መቃወማቸው አልነበረም። አንድን ሥራ መርጦ በሁሉም መሬት ላይ መጫን ገንዘቡንም ድካሙንም እንደሚያባክን ስላወቁ ነው። አንዱ መሬት እርከን ይሻል፤ ሌላው አግድም ማረስ ይበቃዋል፤ ሦስተኛው ጭራሽ መታረስ የሌለበት፣ ወደ ሣር ወይም ወደ ደን መመለስ ያለበት ነው። ከላይ ያለው ግጦሽ ተራቁቶ ከታች የተሠራ እርከን በአንድ ኃይለኛ ዝናብ ይደረመሳል። ክርክራቸው ተሰሚነት አገኘና በአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር የተቋቋመውን የአፈር መሸርሸር አገልግሎት እንዲመሩ ተሾሙ።

የመጀመሪያው ማሳያ ተፋሰስ በዊስኮንሲን ግዛት የሚገኘው ኩን ክሪክ ሆነ፤ ስፋቱ ከ35 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ገበሬው ወተት የሚያልብ፣ ለከብቱ መኖ የሚዘራ ነበር። ማሳው አራት ማዕዘን ሆኖ የተከለለ፣ እርሻውም ቁልቁል ነው። ከብቶቹ በገደላማው ደን ውስጥ ልቅ እየገቡ ችግኙን ስለጨረሱት ውኃውን የሚይዘው ነገር አልነበረም፤ ሸለቆው በቦረቦር ተቆራርጦ ደለሉ የታችኛውን መስክ ቀብሯል። የቤኔት ሰዎች በአንድ ጊዜ ተፋሰሱን በሙሉ ለመቅረጽ አልተነሡም። ከገበሬ ቤት ወደ ገበሬ ቤት እየሄዱ፣ ከባለቤቱ ጋር ማሳውን እየዞሩ፣ ለእያንዳንዱ እርሻ የየራሱን ዕቅድ አወጡ። ከተስማማው ጋር የአምስት ዓመት ውል ተፈረመ። ገበሬው አግድም ለማረስ፣ በቆሎውንና መኖውን በረዥም ቀበቶ እያፈራረቀ ለመዝራት፣ ከብቱን ከገደሉ ለማውጣት ይገደዳል። መንግሥት በበኩሉ ዘር፣ ኖራ፣ የአጥር ሽቦና ጉልበት ያቀርባል። ጉልበቱ የመጣው ሥራ አጥ ወጣቶች በካምፕ ተደራጅተው በወር 30 ዶላር ከሚከፈላቸውና 25ቱ ለቤተሰባቸው ከሚላክላቸው የጥበቃ ጓድ ነው።

በውሉ ውስጥ የዱር እንስሳትም ነበሩ። የታወቁት የዱር እንስሳት አያያዝ ሊቅ አልዶ ሊዮፖልድ ሥራውን በማማከር ተሳትፈዋል። ከብት የተከለከለው ገደል ችግኝ ሲያወጣ ለወፍ መጠለያ ሆነ፤ ለአእዋፍ የሚሆን ቁጥቋጦ በማሳ ጠርዝና በቦረቦር ላይ ተተከለ። ለእርሻ የማይሆነውን ጥግ ለአውሬ መተው ገበሬውን ምንም አላስከፈለውም፤ እንዲያውም ቦረቦሩን ያዘለት።

አልፈርምም ያለ ገበሬም ነበር። የጎረቤቱን ማሳ ጥቂት ዓመት ካየ በኋላ መስመሩን ቀይሶ ያለ ውል አግድም ያረሰም አለ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በሸለቆው የተከማቸውን ደለል ያጠኑ አንድ ተመራማሪ በ1990ዎቹ የነበረው የደለል ክምችት ፍጥነት በ1930ዎቹ ከነበረው ስድስት በመቶ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል።

ይሁንና አገልግሎቱ ጊዜያዊ ነበር፤ በጀቱ ሲያልቅ የሚዘጋ። ቤኔት ቋሚ ሕግ እንዲወጣ እ.ኤ.አ. በ1935 ጸደይ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። ከምዕራብ የተነሣ የአቧራ ማዕበል ወደ ዋሽንግተን እየተጓዘ መሆኑን ከመስክ ሠራተኞቻቸው ሰምተው ነበርና፣ ማብራሪያቸውን ሆን ብለው አስረዘሙት ይባላል። ሰማዩ ሲጠቁር አባላቱ ወደ መስኮት ሄደው አዩ። ታሪኩ ሲነገር እየደመቀ ሳይሄድ አልቀረም። ሕጉ ግን ያለ ተቃውሞ ድምፅ አልፎ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 1935 ጸደቀ። የአፈር ጥበቃ አገልግሎት በግብርና ሚኒስቴር ሥር በቋሚነት ሲቋቋም ቤኔት የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ።

ሕግ ወጣ ማለት ግን ገበሬው ማሳ ገቡ ማለት አይደለም። አሜሪካ መሬቱ በአብዛኛው የግል ነው፤ የፌዴራል ሠራተኛ የማንንም አጥር ተሻግሮ ማዘዝ አይችልም። መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1937 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለየግዛቱ አስተዳዳሪ በላኩት ረቂቅ ሕግ መጣ፤ የአፈር ጥበቃ ወረዳ ማቋቋም። ወረዳ ሲባል የእኛ ዓይነቱ የአስተዳደር ወረዳ አይደለም። የአካባቢው ገበሬዎች ይቋቋም አይቋቋም ብለው ራሳቸው ድምፅ የሚሰጡበት፣ ከአምስቱ የቦርድ አባላት ሦስቱን የሚመርጡበት፣ የፌዴራል ባለሙያ ሲጋበዝ እየመጣ የሚያግዝበት ማኅበር ነው። የመጀመሪያው ወረዳ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1937 የተመሠረተው ብራውን ክሪክ በተባለ ተፋሰስ፣ ቤኔት በተወለዱበት በአንሰን አውራጃ ነው።

በዚህ አሠራር ሁሉም እኩል አልተጠቀመም። በደቡብ ግዛቶች እኩል አራሾችና የአንድ ዓመት ተከራዮች ብዙ ነበሩ፤ ከእነዚህ መካከል በርካቶቹ ጥቁሮች ናቸው። ለከርሞ የሚያርሰውን ማሳ የማያውቅ ሰው ለአሥር ዓመት የሚሆን እርከን አይሠራም። ቦርዱ ላይ የተቀመጠውም በአብዛኛው ባለመሬቱ ነበር። ይህን የቤኔት ሕግ አላቃለለውም።

አገልግሎቱ ካስተዋወቃቸው ነገሮች ዛሬም በየሀገሩ የግብርና ባለሙያ እጅ ያለው መሬትን በስምንት ደረጃ የመመደብ ዘዴ ነው። ከአንድ እስከ አራት ያለው በየደረጃው ጥንቃቄ እየተደረገለት ይታረሳል፤ ከአምስት እስከ ሰባት ያለው ለግጦሽና ለደን ይተዋል፤ ስምንተኛው ለውኃ ምንጭና ለዱር እንስሳት ነው። በአሜሪካ ገበሬ ዘንድ ጥቅም የለሽ ተብሎ ይታለፍ የነበረ ገደል በዚህ ምደባ ሥራ አገኘ።

ከስህተታቸው የከፋው ኩድዙ ነው። ከእስያ የመጣ፣ በፍጥነት የሚስፋፋ ሐረግ ሲሆን፣ የተራቆተ መሬት ይሸፍናል፣ ለከብት መኖም ይሆናል ተብሎ አገልግሎቱ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ችግኝ አከፋፈለ። ለሚተክል ገበሬም ይከፈል ነበር። ሐረጉ መሬቱን ሸፈነ፤ ከዚያም ዛፉን፣ የመብራት ምሰሶውን፣ የተተወውን ቤት ሸፈነ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከሚመከሩ ተክሎች ዝርዝር ተሰረዘ። የደቡብ ግዛቶች እስከ ዛሬ ለማጥፋት ያወጣሉ።

ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1951 የኃላፊነት ቦታቸውን ለቀቁ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 7 ቀን 1960 በ79 ዓመታቸው አርፈው በአርሊንግተን መካነ መቃብር ተቀበሩ። የመሩት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 ስሙ ተለውጦ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ አገልግሎት ተብሏል። በአንሰን አውራጃ የጀመሩት ወረዳዎች ዛሬ በመላ ሀገሪቱ ወደ ሦስት ሺህ ይጠጋሉ።