የቋራው ካሣና የሴባስቶፖል መንገድ

ከአብደራፊ ተነሥቶ በመተማ በኩል እስከ ቋራ የሚዘልቀው የሱዳን ጠረፍ ቆላ ለታሪካችን ብዙ ሰዎችን ሰጥቷል። ከእነርሱም መካከል ስማቸው ከሁሉ የገነነው በ1811 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱት የቋራው ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ አጤ ቴዎድሮስ ናቸው። ስለ ጀግንነታቸው ብዙ ተነግሯል፤ እኛ ዛሬ ለመናገር የምንፈልገው ግን ከባድ እክል በገጠማቸው ጊዜ ከሥራው ስላገኙት ደስታ ነው።

በ1840 ዓ.ም. ካሣ ወደ ጠረፉ ወርደው ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋጉ። ወታደሮቻቸው ደፋሮች ነበሩ፤ ነገር ግን በምሽግ ሆኖ በሥርዓት የሚተኩሰውን ጦር ድፍረት ብቻ ሊሰብረው አልቻለም። ብዙ ሰው አለቀባቸው። የመድፍን ነገር በልባቸው የተከለው ይህ ሽንፈት ነው።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት የነበሩትን አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ሰዎቹ ዕውቀቱ እንደሌላቸው ቢያስረዱም ሰሚ አላገኙም። መጀመሪያ የተሞከረው ከሸፈ፤ እንደ ገና ተሞከረ፤ በመጨረሻም በተሳካ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ደስታ ወሰን አልነበረውም። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የዚህ ሥራ ፍሬ ነው።

ከዚህ የባሰው ችግር ግን መድፉን መቅደላ ማድረስ ነበር። መንገድ የለም፤ የጂዳና የበሽሎ ገደል ከፊት ተደቅኗል፤ ሸፋቹ በዙሪያው አድብቷል። በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው እስከ መጋቢት ድረስ መንገዱን እየጠረጉ ተጓዙ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው ቀድመው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በኋላ የመጡት እንግሊዞች እንኳ ያን መንገድ አይተው አድንቀዋል።

ዛሬ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር መረብ ተቋርጦበት ሌሊቱን ሲታገል አድሮ፣ ጎሕ ሲቀድ ሥራው የሚቃናለት ወጣት ባለሙያ ይህን ደስታ ያውቀዋል። ድካምን የሚያስረሳ ደስታ ነው።

ነገር ግን ገደሉ ሁሉ ሲሸነፍ ከገደሉ የከፋው እክል ሳይነካ ቀርቶ ነበር። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. በራሳቸው ትእዛዝ ተቃጥላለች፤ ገበሬው ተማርሮ ሸፍቷል፤ ሠራዊቱም እየከዳ አልቋል። ይህ ድንጋይ በማንሣት የሚፈታ አልነበረም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ውጊያ በተደረገ ጊዜ ያ ሁሉ የተደከመባቸው መድፎች ድል አላመጡም፤ ሚያዝያ 6 ቀንም ንጉሠ ነገሥቱ መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል ዛሬም በዚያው በመቅደላ ይገኛል።

ሥራ የጀመርን ወጣቶች ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። እክልን ተጋፍጦ ማሸነፍ የሚያስገኘው ደስታ እውነተኛ ነው፤ ማንም ሊነፍገን አይገባም። ይሁን እንጂ መፍታቱ ደስ የሚያሰኘንን እክል ብቻ እየመረጥን፣ ደስታ የሌለበትን ትልቁን ችግር ለነገ እንዳናሳድር እንጠንቀቅ።