ወድቆ ነው የተባለው ጉብጠት

ጥያ ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታስቡት ሰይፍ የተቀረጸባቸውን ትክል ድንጋዮች ነው። ከድንጋዮቹ ሥር ግን መቃብር አለ። አጥንት ሥጋ ካለፈ በኋላም ባለቤቱ ምን ታሞ እንደነበር ይናገራል፤ ሺህ ዓመታት ባስቆጠሩ የግብፅ አስከሬኖች ላይ ሳይቀር ቲቢ የበላው አከርካሪ ተገኝቷል። ዛሬ ስለዚህ በሽታ እንድጽፍላችሁ ያነሳሱኝ ከጥያ አካባቢ የመጡ አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው ጀርባው መሐል ላይ ጉብ ያለ ነገር ወጥቶበታል። ወድቆ ነው ብለው ለወራት ሲያሳሹት ቆይተዋል። ሳዳምጣቸው ከመቶ ዓመት በፊት የኖረ አንድ ጣሊያናዊ ልጅ ትዝ አለኝ።

አንቶኒዮ ግራምሺ እ.አ.አ በ1891 በሰርዲንያ ደሴት ተወለደ። ገና በሕፃንነቱ ጀርባው ላይ እብጠት ታየ። ቤተሰቡ ሞግዚቷ ከእጇ ጥላው ነው አሉ። አዮዲን አሹት፤ ጀርባው ይቃናል ተብሎም ማሰሪያ እየታሰረበት ከጣሪያ ላይ ይንጠለጠል ነበር። በአራት ዓመቱ በጠና ታሞ ሐኪሞች ተስፋ ሲቆርጡበት እናቱ ትንሽ የሬሳ ሣጥንና የመቀበሪያ ልብስ አዘጋጁለት። ልጁ ተረፈ፤ ሣጥኗ ግን ለብዙ ዓመታት ከቤት አልወጣችም። አባቱ ታስረው ቤቱ ሲቸገር በ11 ዓመቱ ቢሮ ተቀጥሮ ከራሱ ክብደት የሚበልጡ መዝገቦች ይሸከም ጀመር። ሌሊት ከሕመሙ ብዛት ተደብቆ ያለቅስ ነበር። አድጎም ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል እንኳ አልሞላም።

እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት ይህን ዓይነቱን ጉብጠትና የሚያስከትለውን የእግር መዛል በ1779 ጽፎ ነበር። ሮበርት ኮክም የቲቢን ባክቴሪያ ያገኘው ግራምሺ ከመወለዱ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ዕውቀቱ ነበረ፤ እዚያ ሰርዲንያ ቤት ውስጥ ግን አልደረሰም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባክቴሪያው አብዛኛውን ጊዜ በትንፋሽ ሳንባ ይገባል፤ ከዚያ በደም ተጉዞ አጥንት ላይ ያርፋል። ከአጥንት ቲቢ ግማሽ ያህሉ የሚይዘው አከርካሪን ነው፤ በተለይ የደረትን የታችኛውን ክፍልና ወገብን። የአጥንቱን የፊት ለፊት ክፍል ቀስ በቀስ ይበላዋል። ፊቱ ሲደረመስ አከርካሪው ወደፊት ይታጠፋል፤ ከኋላ ጉብታው ይወጣል። መግሉ ብዙ ጊዜ ትኩሳትና መቅላት ስለሌለው ዝም ብሎ ወደ ብሽሽት ሊወርድ ይችላል። ነርቭ ከተጫነ እግር ይዝላል፤ ሽንት መቆጣጠርም ይጠፋል። ሳል ላይኖር ይችላልና ልጄ አያስልም ብላችሁ አትዘናጉ።

ግራምሺ በ1911 የትምህርት ድጎማ አግኝቶ ቱሪን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ጋዜጠኛ፣ ፖለቲከኛ፣ የምክር ቤት አባል ሆነ። የሙሶሊኒ መንግሥት በ1926 አሰረው። እስር ቤት ውስጥ ከ30 በላይ ደብተሮች ጻፈ፤ ዓለም የሚያውቀው በእነሱ ነው። በ1933 አንድ ፕሮፌሰር መርምረውት የአከርካሪና የሳንባ ቲቢ እንዳለበት አረጋገጡ። የበሽታው ስም ሲሰጠው ዕድሜው 42 ነበር! የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ሲገባ፣ ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. እሱ ሮም ውስጥ ክሊኒክ ተኝቶ ነበር። በዓመቱ፣ ነፃነቱ በታወጀለት ሳምንት፣ በ46 ዓመቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ሞተ። ቲቢን የሚገድል የመጀመሪያው መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

እናንተ ግን መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ አለላችሁ። የጀርባ ሕመም ከሳምንታት በላይ ከቆየ፣ ሌሊት ከባሰ፣ የማታ ትኩሳት፣ ላብና ክሳት ከተጨመረበት፣ ልጅ መጫወት ካቆመ ወይም የወደቀ ዕቃ ለማንሳት ወገቡን ከማጠፍ ይልቅ ቁጢጥ የሚል ከሆነ ፈጥናችሁ አሳዩት። ወጌሻን መንቀፌ አይደለም፤ ነገር ግን የተበላ አከርካሪን ማሸት ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። አዲስ የተወለደ ልጅ የቢሲጂ ክትባት ይውሰድ። አንዱ የቲቢ ዓይነት ከላም ስለሚተላለፍ ወተት አፍሉ፤ ጥሬውን ለምትወዱ ይህ እንደማይጥማችሁ አውቃለሁ።

የአጥንት ቲቢ ሕክምና 12 ወር ይፈጃል፤ ሕመሙ ግን ቀደም ብሎ ስለሚለቅ ብዙዎች የሚያቋርጡት ያኔ ነው። የዚያ ልጅ ጉብታ አልጠፋም፤ እግሮቹ ግን ደህና ናቸው። መድኃኒቱን ጀምራችሁ ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ ወይም ካስመለሳችሁ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያው ተመለሱ።