ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ

ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ (1465 እ.ኤ.አ. ገደማ ተወለደ) ፖርቱጋላዊ ቄስና ጸሐፊ ነበር። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በኢትዮጵያ ቆይቷል። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በዓይኑ አይቶ በዝርዝር የገለጸ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እሱ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣበት ምክንያት

ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳሉ ንግሥት እሌኒ ማቴዎስ የተባለ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ላኩ። ማቴዎስ በሕንድ በኩል ዞሮ በ1514 እ.ኤ.አ. ሊዝበን ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ንጉሥ ማኑኤል የመልስ መልእክተኞች ሲልኩ አልቫሬዝ በቄስነት አብሮ ተጓዘ። አምባሳደሩ ዱዋርቴ ጋልቫኦ በ1517 እ.ኤ.አ. በቀይ ባሕር በካማራን ደሴት ስለሞተ ጉዞው ዘገየ። በመጨረሻ በሮድሪጎ ደ ሊማ መሪነት በ1520 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ገቡ።

የላሊበላ ጉብኝት

አልቫሬዝ ላሊበላ ሲደርስ አብያተ ክርስቲያናቱን በየስማቸው ጠቅሶ፣ ርዝመትና ስፋታቸውን በስንዝር፣ ዓምዶቻቸውን በቁጥር መዘገበ። በቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ የተቀረጹትን የቅዱሳን ምስሎችና በቤተ ጊዮርጊስ ጣራ ላይ ያለውን መስቀልም ገልጿል። የአካባቢው ሰዎች ሥራውን ያሠራው ንጉሥ ላሊበላ እንደሆነና 24 ዓመት እንደፈጀ ነገሩት። የሠሩት የውጭ ሰዎች ናቸው የሚል ወሬም ጽፏል፤ ሆኖም እንደ ቤተ አማኑኤል ያሉት ሕንፃዎች የአክሱምን የግንባታ ስልት በግልጽ ይከተላሉ።

አልቫሬዝ መግለጫውን ሳይጨርስ አቋረጠ። ከዚህ በላይ ቢጽፍ እንደማይታመን፣ የጻፈውም ውሸት እንደሚባል ሰግቶ ነበርና እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ማለ።

ከአንድ አለት ሙሉ ሕንፃ ፈልፍሎ ማውጣት በሌላ አገርም ይታወቃል። በሕንድ ኤሎራ የሚገኘው የካይላሳ ቤተ መቅደስ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። የካይላሳ ግድግዳዎች በአማልክትና በእንስሳት ቅርጾች የተሞሉ ሲሆኑ፣ በላሊበላ ግን እንዲህ ያለ ምስል ጥቂት ነው፤ ውበቱ በይበልጥ የሚታየው በመስኮቶቹ፣ በዓምዶቹና በጣራዎቹ አሠራር ላይ ነው።

ስለ ጎጃም የጻፈው

አልቫሬዝ ጎጃምን አላየም። ስለ ጎጃም የጻፈው ከሌሎች፣ በተለይም ከእሱ በፊት መጥቶ በኢትዮጵያ ከቀረው ከፔሮ ዳ ኮቪሊያ የሰማውን ነው። ኮቪሊያ ንግሥት እሌኒ በጎጃም ላሠሩት ቤተ ክርስቲያን መንበር እንዲሠራ ወደዚያ መላኩን አጫውቶታል። አልቫሬዝ በመጽሐፉ ያየውንና የሰማውን ለይቶ ማስቀመጡ ለታሪክ ጸሐፊዎች ጠቅሟል። የዓባይ ምንጭ የሆነችውን የምዕራብ ጎጃሟን ግሽ ዓባይ አይቶ የጻፈው ሌላ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ሲሆን፣ ይህም የሆነው በ1618 እ.ኤ.አ. ነው።

መመለሱና መጽሐፉ

አልቫሬዝ ከኢትዮጵያዊው መልእክተኛ ከጸጋ ዘአብ ጋር በ1527 እ.ኤ.አ. ሊዝበን ደረሰ። በ1533 እ.ኤ.አ. የንጉሠ ነገሥቱን ደብዳቤዎች በቦሎኛ ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 7ኛ አቀረበ። በሮም እንደሞተ ይነገራል። መጽሐፉ በ1540 እ.ኤ.አ. በሊዝበን ታተመ። ርዕሱ ኢትዮጵያን የሕንዶች ቄስ ዮሐንስ አገር ይላታል፤ በዚያን ጊዜ አውሮፓውያን ኢትዮጵያን ከሕንድ ጋር ደባልቀው ይጠሩ ነበርና።

የሥራው ጠቀሜታ

አልቫሬዝ ከሄደ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኢማም አሕመድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጠፉ። ከነዚህ አንዱ እሱ አይቶ የገለጸው የአክሱም ጽዮን ሕንፃ ነው። ስለዚህ ለጠፉት ሕንፃዎች የእሱ ጽሑፍ ዋና ምስክር ሆኖ ቀርቷል። አይታመንም ብሎ የማለለት ላሊበላ ግን ዛሬም ቆሟል፤ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።