የእንዶዱ ተመራማሪ፦ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሕይወትና ሥራ

ስማቸው ከአንድ ተክል ጋር ተያይዞ ከሚነሣ የአገራችን ሊቃውንት መካከል የመጀመሪያውን ስፍራ የሚይዙት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በልጅነቱ የእናቱ ነጠላ በእንዶድ አረፋ ሲታጠብ ያላየ የገጠር ተወላጅ ጥቂት ነው። በዚያ አረፋ ውስጥ ግን የሕዝብ ጤና ጉዳይ መኖሩን በሳይንስ ዓይን ያስተዋሉት እሳቸው ናቸው። ማኅበራችን ታሪካቸውን በዚህ ዓመታዊ መጽሔት እንዲቀርብ ያደረገው ለውዳሴ ብቻ አይደለም፤ አንድ የዩኒቨርሲቲ ግኝት ከወንዝ ዳር ተነሥቶ እስከ ሕዝቡ ደጅ ለመድረስ ምን ያህል ረጅም መንገድ እንደሚጠብቀው ለባልደረቦቻችን ለማስታወስ ጭምር ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት በ1935 ነው። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ካገኙ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ በ1964 ገና ወጣት ተመራማሪ ሳሉ የብልሃርዚያን ሥርጭት ለማጥናት ወደ አድዋ ሄዱ። የዚህ በሽታ መንሥኤ የሆነው ትል ዕንቁላል ከሕመምተኛው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ ከዕንቁላሉ የሚፈለፈለው ዕጭ በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ከተራባ በኋላ ተመልሶ ወደ ውኃው ይወጣና ወንዝ የሚሻገረውን፣ የሚታጠበውን ወይም የሚጫወተውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ለዓመታት የቆየ ሕመም ጉበትን ይጎዳል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት የበሽታውን ሰንሰለት መበጠስ ነው።

አክሊሉ በወንዙ ዳር ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ። ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ሲገኙ፣ ከሌላው ሥፍራ የተለቀሙት ግን በሕይወት ነበሩ። ሴቶቹ የሚያጥቡት ትግርኛ ተናጋሪዎች ሽብቲ በሚሉት በእንዶድ ፍሬ ነበር። ወጣቱ ተመራማሪ አረፋውን ሕይወት ባላቸው ቀንድ አውጣዎች ላይ እንዲጨመር አድርገው ሞከሩት፤ ወዲያው ሞቱ። ለዘመናት በእናቶች እጅ የኖረ ዕውቀት በዚያች ሰዓት ከሳይንስ ጋር ተገናኘ።

ግኝቱ የአንድ ቀን ነበር፤ ማረጋገጡ ግን ዕድሜ ልክ ፈጀ። አክሊሉ በ1966 በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሊቃውንት ከእንዶድ ለይተው ያወጡትን ገዳይ ንጥረ ነገር በስማቸው ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው ኀይላቸውን በማወዳደር፣ ቁጥር 44 የተሰኘውን ዝርያ ለእርሻ መረጡ።

ከሁሉም በላይ ክብደት የነበረው ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ የተካሄደው የመስክ ሙከራ ነው። በአካባቢው ውኆች ላይ እንዶድ ሲጨመር ከቆየ በኋላ በጠቅላላው ሕዝብ መካከል የበሽታው መጠን ከመቶ 63 ወደ 34 ዝቅ አለ። በሽታው ገና እየጀመራቸው በነበሩት ትናንሽ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። የፋብሪካ የቀንድ አውጣ መድኀኒት በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ ድኻ አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ይሁን እንጂ ታላላቅ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ውጤቱን በጥርጣሬ ተመለከቱት። ለሰውና ለእንስሳት ደኅንነት በታወቀው የላቦራቶሪ ሥርዐት አልተፈተነም አሉ። ጥያቄው መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ እንዶድ ዓሣን የሚገድል፣ በአፍም ሲወሰድ የሚጎዳ ተክል ነው። አክሊሉን ያሳዘናቸው ምርመራው መጠየቁ ሳይሆን፣ ምርመራውን የጠየቁት ክፍሎች ወጪውን ለመሸፈን አለመፍቀዳቸው፣ ከአፍሪካ ላቦራቶሪ የወጣ ማስረጃም በራሱ እንደ ጎደሎ መቆጠሩ ነበር። ይህን ቅሬታቸውን በየጉባኤው ያለ ፍርሃት አሰምተዋል። በመጨረሻ በካናዳ የዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የደኅንነት ጥናቱ ተካሂዶ፣ እንዶድ ዓይንን የሚያስቆጣ ቢሆንም በአግባቡ ሲሠራበት የሚያሠጋ እንዳልሆነ ተረጋገጠ። እስከዚያ ግን ከግኝቱ ቀን ጀምሮ ሩብ ምዕት ዓመት ያህል አልፎ ነበር።

በዚህ መካከል አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥር በልዩ ልዩ ኀላፊነት አገልግለዋል። በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሰ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። በሚያዝያ ወር 1997 ዶክተር አክሊሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

እንዶድ በሰፊው ሥራ ላይ ሳይውል፣ የብልሃርዚያ መከላከል በአመዛኙ ፕራዚኳንቴል በተሰኘው ክኒን ላይ ተመሥርቷል። ክኒኑ ታማሚውን ያድናል፤ ነገር ግን ነገ ተመልሶ ወደ ወንዙ የሚወርደውን ሕፃን ዳግመኛ ከመያዝ አይጠብቀውም። ስለዚህ አክሊሉ ያነሡት ጥያቄ አልተዘጋም። ለእኛ ለባልደረቦቻቸው የተዉት አደራ ሁለት ነው፤ የመጀመሪያው ከሕዝቡ የልማድ ዕውቀት ፊት በትሕትና መቆም፣ ሁለተኛው ያንን ዕውቀት ማንም ሊነቅፈው በማይችል ማስረጃ ማጽናት ነው። አንዱ ከሌላው ከተለየ አረፋው ከወንዙ ጋር ፈስሶ ይቀራል።