ሸክም ለማውረድ ጎንበስ ያለ ሰው፦ የአናሲሞስ ነሲብ ሕይወት

የሳምንቱ ንባብ፦ 1ኛ ጴጥሮስ 5፥6-7



ስለ ጭንቀት ጻፍልን ካላችሁኝ ሰነበታችሁ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስም ዝርዝር ሲለጠፍ ቦርዱ ጋ የምንቆመው አብረን ነው። ስሙን ያጣ ሰው አንዴ ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ ከዚያ ደግሞ ከታች ወደ ላይ። እኔም እንደዚያው ነኝ። ማታ ሸራው ሥር ተጋድሞ ልጆቹን፣ ኬዙን፣ አገር ቤት የቀረችውን እናቱን ሲያስብ የሚነጋበት ሰው በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ጭንቀት ኃጢአት ነው፣ ተዉት ብዬ ልገሥጻችሁ አልተነሣሁም። የአንድ ሰው ሕይወት ልነግራችሁ ነው።

መጀመሪያ ግን ንባቡን እንየው። ጴጥሮስ ይህን መልእክት የጻፈው በጳንጦስ፣ በገላትያ፣ በቀጶዶቅያ፣ በእስያና በቢታንያ ተበትነው በእንግድነት ለሚኖሩ ሰዎች ነው። እንደ እኛ ላሉ ማለት ነው። የሚያስጨንቀንን ሁሉ በጌታ ላይ እንድንጥል ይነግረናል፤ ይህችን ሁላችንም በቃላችን እናውቃታለን። ከእርሷ ፊት ያለችውን ግን እንዘላታለን፤ ከእግዚአብሔር ኃይለኛ እጅ በታች ራስን ዝቅ ማድረግን። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመት ሁለቱ የማይገናኙ ትእዛዞች ይመስሉኝ ነበር። ጴጥሮስ ግን የተናገራቸው በአንድ ትንፋሽ ነው። ከቦኖው ውኃ በጀርባዋ አዝላ የምትመጣ እህት ይህ አይጠፋትም፤ ጄሪካኑን ለማውረድ መጀመሪያ ጎንበስ ማለት አለባት። ቀጥ ብላ ቆማ አይወርድላትም።

ዝቅ ማለት ስል ግን አንድ ነገር እንዳይምታታባችሁ እፈልጋለሁ። እኛ ብዙ ተዋርደናል። ሰልፍ ላይ ተገፍተናል፣ ተሰድበናል፣ እንደ ሕፃን ተቆጥረናል። ያ ሰው በሰው ላይ የሚያደርሰው ውርደት ነው፤ ጴጥሮስ ትሕትና የሚለው እርሱን አይደለም። ልዩነቱን ከአናሲሞስ ነሲብ ሕይወት የበለጠ ያሳየኝ የለም። (ከዚህ በታች ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

የተወለደው ዛሬ ኢሉባቦር በምንለው አገር፣ ሁሩሙ አጠገብ ነው። ቤተሰቡ ያወጡለት ስም ሂካ ነበር። ኦሮምኛ የምትችሉ ታውቁታላችሁ፤ መፍታት ማለት ነው፣ የታሰረን መፍታትም ቃልን መፍታትም። አባቱ የሞተው እርሱ የ4 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ከዚያ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ እጅ ነጠቁት። በስምንት ጌቶች እጅ አልፎ ምጽዋ ደረሰ። እዚያ በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነጻ አወጣውና ከምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ለነበሩት የስዊድን ሚስዮናውያን ሰጠው። በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀ። የተቀበለው ስም አናሲሞስ ነው፤ በፊልሞና መልእክት ውስጥ ጳውሎስ እንደ ልጁ የሚቆጥረው የዚያ ባሪያ ስም።

እስከዚህ ድረስ የደረሰበት ሁሉ ውርደት ነው፤ ያውም ከእኛ የከፋ። መሸጡን ማንም ትሕትና ብሎ ሊሰብክላችሁ ቢመጣ አትስሙት። የእርሱ ትሕትና የሚጀምረው ነጻ ከወጣ በኋላ ነው።

ትምህርት ወደደ። ወደ ስዊድን ተልኮ ዮሐንስሉንድ በሚባል የሚስዮናውያን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማረ፤ በ1881 ወደ እምኩሉ ተመለሰና ምሕረት ኃይሉን አገባ። አሁን የተማረ ሰው ነው። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ወደ ተነጠቀበት ሕዝብ ተመልሶ ወንጌልን በቋንቋቸው መንገር።

መንገዱ ግን እንቢ አለ። በመሐል ኢትዮጵያ በኩል ለሚስዮናውያን ተከልክሎ ስለነበር በሱዳን ዞሩ። ካርቱም አልፈው በዓባይ ዳር ሽቅብ ሄዱና በድንበሩ አካባቢ ፋማካ ድረስ ደረሱ። ከሱዳን በኩል የመጣችሁ ያን በረሃ ታውቁታላችሁ፤ እኔ ምንም አልጨምርበትም። አሶሳ ቅርብ ነው፣ ወለጋም ከዚያ ወዲያ ነው። እዚያ ላይ አናሲሞስ በንዳድ ክፉኛ ታመመ። ቡድኑ መመለስ ግድ ሆነበት። ሚያዝያ 1882 ካርቱም ሲገቡ የማህዲ አመፅ ተቀጣጥሎ ነበር። ዞሮ ዞሮ እምኩሉ።

እዚህ ጋ ቆም ልበልና አንድ ነገር ልናገር። በመካከላችን ስለታመሙ፣ እንቅልፍ ስላጡ፣ ልባቸው ስለሚመታ የሚያፍሩ አሉ። እምነቴ አንሶ ነው ይላሉ። አናሲሞስ ሲታመም ጓደኞቹ ይዘውት ተመለሱ እንጂ በእምነት ተነሥተህ ሂድ አላሉትም። ክሊኒክ መሄድም፣ የሥነ ልቦና አማካሪዋ ጋ ቁጭ ብሎ መናገርም ከእግዚአብሔር እጅ መውጣት አይደለም።

ሁለተኛው ሙከራ በ1886 ነበር። ያን ጊዜ እንጦጦ ደረሱ፤ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ናቸው። ነገር ግን የበላያቸው አፄ ዮሐንስ የውጭ ሚስዮናውያን ከአገር እንዲወጡ አዘው ስለነበር ምኒልክ መለሷቸው። እንግዲህ አስቡት። ከባሕር ዳርቻ እስከ እንጦጦ ወጥቶ፣ በር ድረስ ደርሶ፣ በሌላ ሰው ደብዳቤ መመለስ። ፋይሉ ሙሉ ሆኖ መጨረሻ ላይ የተመለሰበት ሰው ከመካከላችን አለ፤ ሊነግራችሁ ይችላል።

አናሲሞስ አልተጨነቀም ልላችሁ አልደፍርም። ሰው ነው። ያደረገውን ግን ማየት እንችላለን። ወደ እምኩሉ ተመልሶ ተቀመጠና የቀረበለትን ሥራ አነሣ። ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለስ መንፈሳዊ መዝሙሮችን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀምሮ ነበር፤ ከእንጦጦ ሲመለስ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስን ያዘ።

እዚያ ላይ ነው ችግሩ የተገለጠው። ኦሮምኛው አልበቃ አለው። ከአገሩ የተነጠቀው በልጅነቱ ነው፤ ያደገው በሌሎች ቋንቋዎች መካከል ነው። የእናቱን ቋንቋ የልጅ ያህል ያውቃል፤ የኢሳይያስንና የሮሜን መልእክት ለመተርጎም የልጅ ቋንቋ አይበቃም። እዚህ ካምፕ የተወለዱ ልጆቻችን አያታቸውን በስልክ ሲያነጋግሩ ቃል ሲጠፋባቸው አይታችሁ ይሆናል። እርሱም እንደዚያ ነበር፤ ልዩነቱ ሰው ሁሉ መምህር ብሎ የሚጠራው፣ አውሮፓ የተማረ ሰው መሆኑ ነው።

በዚያው በ1886፣ አናሲሞስ ከእንጦጦ በተመለሰበት ዓመት፣ አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት እምኩሉ ደረሰች። ከሊሙ እናርያ ናት። በባርነት ቆይታ ባሕር ተሻግራ ዓረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ ጣሊያኖች ጀልባውን ያዙትና ነጻ ወጣች። ዕድሜዋ 14 ቢሆን ነው። ቋንቋውን ግን ከነወዙ፣ ከነተረቱ ይዛው ነበር የመጣችው። አናሲሞስ ይህን አየና ሥራውን ለእርሷ አካፈለ። ለመዝገበ ቃላት የሚሆኑ ብዙ ሺህ የኦሮምኛ ቃላትን አሰባሰበች፤ እርሱም ትርጉሙን ያቃናው በእርሷ ቃላት ነው። ወደ 500 የሚሆኑ እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖችም ጻፈች፤ ብዙዎቹ በ1894 በወጣው ጀልቀበ በርሲሳ በተባለው የኦሮምኛ ማስተማሪያ ታትመዋል።

እኔን የያዘኝ ይህ ነው። አዋቂ ነኝ ብሎ ብቻውን ቢሠራው ማን ይከለክለው ነበር? ወደ 30 ዓመት የተጠጋ የተማረ ወንድ፣ ከትናንት ወዲያ ከጀልባ የወረደች ልጅ ፊት ቁጭ ብሎ፣ የገዛ እናቱን ቋንቋ ቃል ይጠይቃል። ማንም አላስገደደውም። ከእግዚአብሔር እጅ በታች ዝቅ ማለት በዓይን ሲታይ ምን ይመስላል ብትሉኝ ይህን ነው የማሳያችሁ። ደግሞ አስቡት፤ በ1886 መንገዱ ቢከፈትለትና ወለጋ ቢገባ ኖሮ አስቴር እምኩሉ ስትደርስ እርሱ አይኖርም ነበር።

ይህን ስል የተዘጋብን በር ሁሉ ለበጎ ነው እያልኩ አይደለም። በሰው ክፋት የተዘጋ በር አለ። እኔ የምለው፣ ጭንቀት ከሚይዘን ገመድ አንዱ ሁሉን በራሴ መፍታት አለብኝ፣ ማንም ሳያውቅብኝ መወጣት አለብኝ የሚለው ሐሳብ ነው። አባቶች በተለይ ይህ አለብን። አገር ቤት መምህር የነበረ፣ ሹፌር የነበረ፣ ሱቅ የነበረው ሰው እዚህ ፎርም ለመሙላት የ15 ዓመት ልጅ መጠየቅ ሞት ይመስለዋል። ስለዚህ ፎርሙን ፍራሽ ሥር ደብቆ ሌሊቱን ሙሉ ይገላበጣል። እኔ አድርጌዋለሁ፤ ሁለት ሳምንት። በመጨረሻ የጎረቤቴ ልጅ በሩብ ሰዓት ሞላችልኝ።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። የሐዲስ ኪዳን ትርጉም በ1893 ታተመ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ፣ ቅዱስ ክሪሾና በሚባል ቦታ፣ በእኛው ፊደል ታትሞ ወጣ። ባሪያ ተብለው የተሸጡ ሁለት ሰዎች የደከሙበት መጽሐፍ ነው። በ1904 አናሲሞስ ነቀምቴ ገባ፤ አስቴርም በዚያው ዓመት ወደ ወለጋ መጥታ መምህርት ሆነች። ከስዊድን ከተመለሰ 23 ዓመት ሆኖት ነበር።

በሩ ተከፈተ፣ ጭንቀቱም አለቀ ብዬ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። አላለቀም። በአካባቢው የነበሩ ካህናት ከሰሱት፤ በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርቦ ከአገር እንዲወጣ ተፈረደበት። (ይህን የምጽፈው ኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችንን ለመንካት አይደለም፤ ባለፈው ዝናብ ጣሪያችን ሲነሣ መጀመሪያ የደረሱልን እነርሱ ናቸው።) አፄ ምኒልክ ፍርዱን ሻሩለት፤ ነቀምቴ ይኑር፣ ግን አይስበክ አሉ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ለመስበክ እኮ ነው! እርሱ ግን የተፈቀደለትን ያዘ፤ ልጆችን ፊደል አስተማረ። እንደገና ሊያባርሩት የሚችሉበት ዕድል በራሱ ላይ ተንጠልጥሎ አሥር ዓመት እንደዚያ ኖረ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብክ ፈቀዱለት። ኢያሱ ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረበትም።

ያረፈው እሑድ ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 1923፣ እዚያው ነቀምቴ።

ለረቡዕ ጸሎት ወደ ፊልሞና የተላከውን መልእክት አንብባችሁ ኑ፤ አንድ ምዕራፍ ብቻ ናት። የዛሬውን ንባብ ደግሞ በኦሮምኛ የሚያነብልን ወንድም አለ። ፎርም ያስቸገራችሁ ካላችሁ ይዛችሁት ኑ፤ ከጸሎቱ በኋላ ወጣቶቹ ይቆያሉ።